ተንቀሳቃሽ መቅረፀ ድምፅን መምረጥና በመስክ መጠቀም፤ ለጋሞ ዞን መምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች

አንድን ቋንቋ ለመመዝገብ ፊደል የማይናቅ መሣሪያ መሆኑ አያከራክርም። ዳሩ ግን ፊደል ድምፅን ሁሉ አይዝም። የአማርኛ አንባቢ «አለ» ተብሎ የተጻፈውን ቃል ሲያገኝ ላልቶ ወይም ጠብቆ እንደሚነበብ የሚረዳው ከፊደሉ ሳይሆን ከዐረፍተ ነገሩ አካሄድ ነው። «ገና» የሚለውም ቃል በዓሉን ይሁን ጊዜን የሚያመለክት መሆኑ በጽሕፈት አይለይም። አማርኛ ብዙ ተናጋሪና ብዙ አንባቢ ያለው ቋንቋ ስለሆነ ጉድለቱ አያስጨንቅም፤ ያልተጻፈውን አንባቢው ከአፉ ይሞላዋል። ተናጋሪዎቻቸው ጥቂት ለሆኑ ቋንቋዎች ግን ከአፉ የሚሞላ ሰው የሚታጣበት ቀን ሊመጣ ይችላል። በዚያን ጊዜ ፊደሉ የተወውን ይዞ የሚገኘው የተቀረጸ ድምፅ ብቻ ነው።

ጉዳዩ በጋሞ ዞን በጉልህ ይታያል። ተናጋሪዎቹ ጋሞትሶ እያሉ የሚጠሩት የጋሞ ቋንቋ ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በላቲን ፊደል እየተጻፈ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲሠራበት ቆይቷል። ይህ አጻጻፍ የአናባቢን መርዘምና የተነባቢን መጥበቅ ፊደሉን በመድገም ያመለክታል፤ በዚህ በኩል ከግእዝ ፊደል ልማዳችን የተሻለ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። የድምፅን ከፍታና ዝቅታ ግን አይመዘግብም። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት የቋንቋ ሊቅ ሪቻርድ ሄይዋርድ ስለ ጋሞኛ ባደረጉት ጥናት እንዳሳዩት፣ በዚህ ቋንቋ የድምፅ ከፍታ ከቋንቋው ሥርዓት የሚገባ ነገር እንጂ የተናጋሪው ስሜት ብቻ አይደለም። ከዚህም ሌላ እንደ ጠ፣ ቀና ጨ ያሉት በጉሮሮ ተገፍተው የሚወጡ ድምፆችና ወደ ውስጥ ተስቦ የሚነገረው ድ መሰል ድምፅ ከመንደር መንደር በአነጋገር ስለሚለያዩ፣ ልዩነቱን በጽሑፍ ብቻ ለማስረዳት መሞከር አድካሚ ነው።

በዞኑና በዙሪያው የሚነገሩት ሌሎች ቋንቋዎች ደግሞ ከዚህ የባሰ ስስ ይዞታ አላቸው። ከአርባ ምንጭ በስተደቡብ የሚነገረው ዘይሴ፣ እንዲሁም በዓባያ ሐይቅ ውስጥ በጊዲቾ ደሴትና በሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ የሚነገረው ሃሮ ተናጋሪዎቻቸው በቁጥር አነስተኛ ናቸው። የሃሮን ሰዋስው ዶክተር ሂሩት ወልደማርያም እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አጥንተው አቅርበዋል። ሰዋስው አጥንቱን ያቆማል፤ የአዛውንቱ የተረት አተራረክ፣ የዓሣ አጥማጁ አነጋገር፣ የእናት እሹሩሩታ ግን በየዕለቱ ከሚሰማው ሰው ካልተቀረጸ አይገኝም። ይህን ለማድረግ ከማንም ይልቅ ቅርብ የሆነው በቦታው የሚኖረው መምህር ነው።

በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ምክር ለመምህሩና መሣሪያውን ለሚገዛለት ዕቅድ አውጪ ነው። መሠረታዊው አስተሳሰብ በአጭሩ ይህ ነው፦ የአንድን ቀረጻ ዋጋ የሚወስነው የመሣሪያው ውድነት ሳይሆን የማይክሮፎኑ ለተናጋሪው መቅረብ፣ የፋይሉ አለመታመቅና አብሮት የሚኖረው መግለጫ ነው። በግዥ ዝርዝር ላይ የሚታየው ብዙውን ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው።

ከሪል ቴፕ ወደ ካርድ

የጋሞ ደጋ ለድምፅ ቀረጻ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው የሙዚቃ አጥኚ በርናር ሎርታ-ዣኮብ የዶርዜን የኅብረ ድምፅ ዘፈኖች ቀርጸው በፓሪስ እ.ኤ.አ. በ1977 በሸክላ አሳትመዋል። ብዙ ወንዶች ያለ አንዳች የሙዚቃ መሣሪያ እየተቀባበሉ፣ እያንዳንዱ የየራሱን ዜማ ይዞ የሚያዜሙት ይህ ዘፈን በዓለም የሙዚቃ አጥኚዎች ዘንድ እንዲታወቅ ያደረገው አንዱ ምክንያት የእነዚያ ቀረጻዎች ጥራት ነው።

በዚያን ዘመን ቀረጻ ውድ ነበር። አሥራ ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው መደበኛ ሪል በሰከንድ 19 ሴንቲ ሜትር በሚሮጥበት ፍጥነት በአንድ ገጽ የሚይዘው 32 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነበር። ቴፑ ከውጭ አገር የሚመጣ፣ መሣሪያውም ከባድ ነበር። ስለዚህ አጥኚው ከመቅረጹ በፊት ያስብ፣ ከቀረጸም በኋላ በካርቶኑ ጀርባ ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና የዘፋኞቹን ስም ይጽፍ ነበር። ዛሬ የጣት ጥፍር የሚያህል 32 ጊጋ ባይት ካርድ በጥሩ ጥራት 30 ሰዓት ያህል ይይዛል። ችግሩ ተገልብጧል፤ ድሮ ቦታ ይጠፋ ነበር፣ ዛሬ የሚጠፋው የካርዱን ይዘት የሚያውቅ ሰው ነው። ይህ ጸሐፊ እንደሚያምነው ካሴትና ሪል ያስተማሩትን የቁጠባ ልማድ በፈቃደኝነት መልሶ መልበስ ከአዲስ መሣሪያ ግዥ በላይ ይጠቅማል።

ዲጂታል ቀረጻ እንዴት እንደሚሠራ

መሣሪያውን ለመምረጥ ሁለት ቁጥሮችን መረዳት ይበቃል። ዲጂታል መቅረፀ ድምፅ ከማይክሮፎኑ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ሞገድ በየቅጽበቱ እየለካ ልኩን በቁጥር ይጽፋል። በአንድ ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ የሚያመለክተው ቁጥር የመጀመሪያው ነው፤ 44,100 ወይም 48,000 ጊዜ የተለመደ ነው። ሊያዝ የሚችለው ከፍተኛ ድምፅ የዚህን ቁጥር ግማሽ ያህል ብቻ ነው፤ በሰከንድ 48,000 ጊዜ የሚለካ መሣሪያ እስከ 24,000 ሄርዝ ይይዛል ማለት ነው። የሰው ጆሮ ከ20,000 ሄርዝ በላይ ስለማይሰማ ለቋንቋ ሥራ ይህ በቂ ነው። ከዚህ በላይ መሄድ፣ ለምሳሌ 96,000 መምረጥ፣ ካርድን ከማጣበብ በቀር ለመምህሩ የሚሰጠው ጥቅም የለም።

ይህ ቁጥር ዝቅ ሲል የሚደርሰውን ጉዳት ለመረዳት ስልክን ማሰብ ይበቃል። የተለመደው የስልክ መስመር በሰከንድ 8,000 ጊዜ ብቻ ስለሚለካ ከ4,000 ሄርዝ በላይ ያለውን ይቆርጣል። የስ ድምፅ ዋነኛ ኀይል ያለው ግን ከዚያ በላይ ነው፤ በስልክ ስንነጋገር ስምን ፊደል በፊደል የምንገልጸውም ስና ፍ ስለሚመሳሰሉብን ነው። ስለሆነም በስልክ ደውሎ የተጠየቀ ቃል ለቃላት ዝርዝር ቢጠቅም እንኳ ለድምፅ ጥናት አይሆንም።

ሁለተኛው ቁጥር እያንዳንዱ ልኬት በስንት ቢት እንደሚጻፍ የሚገልጸው ነው። በ16 ቢት 65,536 ደረጃዎች፣ በ24 ቢት ደግሞ ከ16 ሚሊዮን በላይ ደረጃዎች ይገኛሉ። ልዩነቱ የሚታየው ድምፁ ዝቅ ብሎ ሲቀረጽ ነው። በ24 ቢት የተቀረጸ ዝግ ያለ የአዛውንት ድምፅ በኋላ ከፍ ቢደረግ አብሮት የሚነሣው ሹክሹክታ አነስተኛ ነው። ስለዚህ 48,000 ልኬትና 24 ቢት መርጦ መሣሪያውን በዚያው መተው ይሻላል። በዚህ መጠን በሁለት መስመር የተቀረጸ አንድ ሰዓት 1 ጊጋ ባይት ከጥቂት፣ በአንድ መስመር የተቀረጸ ደግሞ የዚያን ግማሽ ይፈጃል።

ቀጥሎ የሚመጣው የፋይሉ ዓይነት ነው። ዋቭ የተባለው ልኬቶቹን ሁሉ እንዳሉ ያስቀምጣል። ኤም ፒ ስሪ ግን ጆሮ ልብ አይለውም የሚለውን እየጣለ ፋይሉን ያሳንሳል፤ በሰከንድ 128 ኪሎ ቢት የታመቀ አንድ ሰዓት ወደ 58 ሜጋ ባይት ብቻ ይሆናል። ለተማሪዎች ለማሠራጨትና በሬዲዮ ለማሰማት ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የተጣለው ነገር አይመለስም፤ ኤም ፒ ስሪውን ወደ ዋቭ መልሶ መለወጥ የፋይሉን መጠን እንጂ ጥራቱን አያሳድገውም። ከቦታ ጥበት የተነሣ በኤም ፒ ስሪ መቅረጽ እህልን ፈጭቶ ዘር አድርጎ እንደ ማስቀመጥ ነው።

ስለ ግዥ

በእጃችን ያለው ተንቀሳቃሽ ስልክ ይበቃል ወይ የሚለው ጥያቄ ተደጋግሞ ይነሣል። መልሱ እንደ ሥራው ነው። ስልኩ በዋቭ የሚቀርጽ ፕሮግራም ከተጫነበት፣ የበረራ ሁኔታ ላይ ከተደረገና በልብስ ላይ የሚሰካ ማይክሮፎን ከተገጠመለት ለአንድ ሰው ቃለ መጠይቅ ደኅና ውጤት ይሰጣል። ዋነኛው ጉድለቱ ብዙ ስልኮች ድምፁን በራሳቸው ፈቃድ ዝቅና ከፍ ማድረጋቸው፣ ጫጫታ የመሰላቸውንም ማጥፋታቸው ነው። ተናጋሪው ዝም ሲል ከበስተጀርባ ያለው ድምፅ እየጎላ ይመጣል፤ ሲናገር ደግሞ የመጀመሪያው ቃል ይዋጣል። ለዘፈንና ለኅብረ ድምፅ ስልክ አይመከርም።

ከዚያ ቀጥሎ ያሉት በእጅ የሚያዙ ትንንሽ መቅረጫዎች ናቸው። እንደ ዙምና ታስካም ያሉት ፋብሪካዎች በሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋዮች የሚሠሩ፣ ሁለት ማይክሮፎን በራሳቸው ላይ ያላቸው መሣሪያዎችን ያቀርባሉ። ለትምህርት ቤት የሚስማማው ይህ ዓይነቱ ነው። ከፍ ያሉት ደግሞ ወፍራም ገመድ ያለው የውጭ ማይክሮፎን የሚቀበሉና 48 ቮልት የሚሰጡ ናቸው፤ ለዞን ወይም ለዩኒቨርሲቲ ቡድን እንጂ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አያስፈልጉም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በገበያ የወጡት በ32 ቢት ተንሳፋፊ ነጥብ የሚጽፉ መሣሪያዎች የድምፁን መጠን አስቀድሞ የማስተካከል ሥራን ከሞላ ጎደል ያስቀራሉ። ለጀማሪ መምህር ይህ ትልቅ እፎይታ ስለሆነ ዋጋው ተቀራራቢ ከሆነ እነዚህን መምረጥ ተገቢ ነው። ፋይሎቻቸው ሰፋ ያለ ቦታ እንደሚወስዱ ግን አይዘንጋ።

ዕቅድ አውጪው ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በጀቱ ሁሉ በመሣሪያው ላይ ካለቀ መሣሪያው አይሠራም። የጆሮ ማዳመጫ፣ ጸጉራም የነፋስ መከላከያ፣ ሁለት መለዋወጫ ካርድ፣ ተመልሰው የሚሞሉ ባትሪዎችና መሙያቸው፣ አነስተኛ ባለሦስት እግር ማቆሚያና ቀረጻው የሚገለበጥበት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ካልተገዙ በቀር ማሽኑ ብቻውን ግማሽ ዕቃ ነው። አንድ ውድ መሣሪያ ለዞኑ ከመግዛት ይልቅ በዚያው ገንዘብ አነስተኛ የሆኑትን ለበርካታ ትምህርት ቤቶች ከነዕቃቸው ማዳረስ የተሻለ ነው። ውድ ዕቃ በሞዴል 22 ወጪ ሲደረግ ፈራሚው ኀላፊነቱን ስለሚፈራ ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ያኖረዋል። የተቆለፈ መቅረጫ ደግሞ ምንም አይቀርጽም።

በመስክ ላይ

በቀረጻ ጥራት ላይ ከሁሉ የበለጠ ኀይል ያለው ርቀት ነው፤ ርቀት ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። በገላጣ ቦታ ማይክሮፎኑ ከአፍ የሚርቅበት መጠን በእጥፍ በጨመረ ቁጥር የንግግሩ ድምፅ በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ የአካባቢው ጫጫታ ግን ባለበት ይቆያል። መሣሪያው ከተናጋሪው አንድ ስንዝር ርቆ ቢቀመጥና ስምንት ስንዝር ርቆ ቢቀመጥ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 18 ዴሲቤል ይሆናል። ጠረጴዛ ማዶ የተቀመጠ ውድ መሣሪያ ከአንድ ስንዝር ላይ ባለ ርካሽ መሣሪያ የሚሸነፈው ስለዚህ ነው። ማይክሮፎኑ ግን በቀጥታ ከአፍ ፊት ለፊት አይሁን። እንደ ፕና ት ያሉት ድምፆች ሲነገሩ የሚወጣው እስትንፋስ እንዳይመታው ወደ ጉንጭ ዘወር ብሎ ይቀመጥ።

ቀጥሎ ቦታ ይመረጣል። የአካባቢው ባህል ራሱ ያዘጋጀው ጥሩ የመቅረጫ ክፍል እንዳለ ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ከቀርከሃ ተጠልፎ የሚሠራው ረጅሙ የዶርዜ ቤት ግድግዳው ክብና ሸካራ፣ ክዳኑም ለስላሳ ስለሆነ ድምፅን ይመጥጣል እንጂ አያስተጋባም። የሲሚንቶ ወለል፣ የመስታወት መስኮትና የቆርቆሮ ጣራ ያለው ቢሮ ወይም መማሪያ ክፍል ግን ድምፁን እየደጋገመ ይመልሳል። ዝናብ የጣለ እንደሆነማ በቆርቆሮ ሥር መቅረጽ ከንቱ ድካም ነው። በባህላዊው ቤት ውስጥ የሚያስቸግሩት የሚንጣጣው እሳትና ከጋጣው የሚሰሙት ከብቶች ናቸው፤ እሳቱ እስኪበርድ፣ ከብቶቹም ለግጦሽ እስኪወጡ መጠበቅ ይቻላል። የሸማ ሥራን በሚመለከት ቃለ መጠይቅ ሲደረግ ሸማኔው ሥራውን እየሠራ የሚናገረውንና ሥራውን አቁሞ የሚናገረውን ለያይቶ መቅረጽ ይገባል፤ የመወርወሪያው ድምፅም ቢሆን ለብቻው ሊቀረጽ የሚገባው ነው።

በአርባ ምንጭ ከተማ በሲቀላም ሆነ በሴቻ ባጃጅ፣ ጄኔሬተርና የድምፅ ማጉያ ስለሚበዙ ማለዳን መምረጥ ይጠቅማል። በሐይቆቹ ዳርቻ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ያለ ጸጉራም መከላከያ የሚገኘው ድምፅ ጉምጉምታ ብቻ ነው። ብዙ መሣሪያዎች ዝቅተኛ ድምፅን የሚቆርጥ ማብሪያ አላቸው፤ ነፋስን ለመቀነስ ይረዳል። ይሁንና የወንድ ድምፅ መሠረት ከ100 ሄርዝ በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ ለድምፅ ከፍታ ጥናት የሚደረግ ቀረጻ ከሆነ ማብሪያውን ዘግቶ መከላከያውን ማልበስ ይመረጣል።

የድምፁ መጠን ሲስተካከል ከፍተኛው ንግግር ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል ላይ እንዲደርስ ይደረግ። ዲጂታል ቀረጻ እንደ ካሴት ጥቂት ቢያልፍ አይታገሥም፤ ዜሮን ያለፈ ድምፅ ይቆረጣል፣ የተቆረጠውም አይጠገንም። ሽማግሌ በዝግታ ጀምሮ በምርቃቱ ፍጻሜ ድምፁን ከፍ እንደሚያደርግ አስቀድሞ መገመት ያስፈልጋል። ሠላሳ ሰከንድ ቀርጾ በጆሮ ማዳመጫ መስማት ሁሉን ያሳያል፤ በማያ ገጹ ላይ የሚንቀሳቀሰው መስመር ድምፅ መኖሩን እንጂ ድምፁ ምን እንደሚመስል አይናገርም።

የደጋና የቆላው ልዩነት ለመሣሪያው ፈተና ነው። ጨንቻ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር፣ አርባ ምንጭ ደግሞ ወደ 1,300 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኙ ሲሆን በመካከላቸው ያለው መንገድ ከ40 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በጨንቻ ብርድ ተራ የባትሪ ድንጋይ ቶሎ ይደክማል፤ መለዋወጫውን በኪስ ውስጥ ማሞቅ ይረዳል። በብርድ የቆየ መሣሪያ በአንድ ሰዓት ጉዞ ወደ ሐይቁ ሙቀትና እርጥበት ሲወርድ ውስጡ ጤዛ ሊያዝ ስለሚችል፣ በላስቲክ ከረጢት አሥሮ የአካባቢውን ሙቀት እስኪይዝ ድረስ ሳይከፍቱ መቆየት ይገባል።

ስለ ኅብረ ድምፅ

የዶርዜን ዓይነት ዘፈን መቅረጽ ከንግግር የተለየ ጥበብ ይጠይቃል። ዘፋኞቹ ክብ ሠርተው ከሆነ በመሣሪያው ላይ ያሉት ሁለት ማይክሮፎኖች ፊት ለፊታቸው ያሉትን ብቻ አጉልተው የኋላዎቹን ያደበዝዛሉ። በግማሽ ክብ እንዲቆሙ መጠየቅ ይቻላል፤ ነገር ግን መጀመሪያ እንደ ልማዳቸው ሲዘፍኑ፣ ቢንቀሳቀሱም ባይመቸንም፣ መቅረጽ ግዴታ ነው። ለመቅረጫ ሲባል የተስተካከለ ዘፈን ሁለተኛ ምስክር እንጂ የመጀመሪያ ሊሆን አይችልም።

እያንዳንዱ ዘፋኝ የሚያዜመውን ለይቶ ለማወቅ ሲምሃ አሮም የተባሉት የሙዚቃ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ የተጠቀሙበት ዘዴ አለ። በመጀመሪያ መላው ቡድን ይቀረጻል። ቀጥሎ አንዱ ዘፋኝ በጆሮ ማዳመጫ ያንኑ ቀረጻ እየሰማ የራሱን ድርሻ ብቻ ያዜማል፤ ይህም በሌላ መሣሪያ ይቀረጻል። ከዚያም ሁለተኛው የመጀመሪያውን እየሰማ የራሱን ይጨምራል፤ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። በዚያን ጊዜ ይህ ሁለት ከባድ የቴፕ መቅረጫዎችን ይጠይቅ ነበር። ዛሬ አንድ ስልክና አንድ ትንሽ መቅረጫ ያለው የሙዚቃ መምህር ከተማሪዎቹ አባቶች ጋር በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያከናውነው ይችላል። ኦዳሲቲ የተባለው ነጻ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ቀረጻዎቹን ጎን ለጎን ያሳያል። ለክፍል ትምህርት ከዚህ የተሻለ መርጃ መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ ልጆቹ አንዱን ድምፅ አጥፍተው ራሳቸው ሊዘፍኑበት ይችላሉና።

ፈቃድ

በጋሞ አገር ዱቡሻ የሸንጎ ቦታ ነው፤ በዚያ የሚነገረው ቃል ክብደት አለው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች ለምለም ሣር ይዘው በአርባ ምንጭ ለበቀል በወጡ ወጣቶች ፊት ተንበርክከው እንደመለሷቸው አገር ያወቀው ነው። ምስሉ በሰፊው ተሠራጭቷል፤ ለቋንቋ ትምህርት ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚነገረው ምርቃት፣ ልመናና ምክር ነው። ይሁን እንጂ በዱቡሻ የሚነገረው ሁሉ ለሕዝብ ጆሮ የታሰበ አይደለም። በዕርቅ ላይ የሰዎች በደል በስም ይነሣል። ስለዚህ መቅረጫ ይዞ የሚሄድ መምህር አስቀድሞ አባቶችን ማስፈቀድ፣ መሣሪያውንም በግልጽ ማስቀመጥ አለበት፤ ዝጉ ከተባለ ይዘጋል፣ ምክንያት አይጠየቅም። ተደብቆ የተቀረጸ ነገር ምንም ያህል ውድ ቢሆን ሊሠራበት አይገባም፤ አንድ ጊዜ የታወቀ እንደሆነ ከዚያ መንደር ሌላ ቀረጻ አይገኝም።

ፈቃዱ በቀረጻው መጀመሪያ ላይ በተናጋሪው ቋንቋ ይነገር፦ ለምን እንደሚቀረጽ፣ እነማን እንደሚሰሙት፣ ሐሳቡን ቢለውጥ ሊያስጠፋው እንደሚችል። ይህ ለማያነብ ሰው ከፊርማ የበለጠ ዋጋ አለው። ሕጉም ይህንኑ ይጠይቃል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞች መብት የሚሰጥ ሲሆን፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተጨምሯል። ተማሪዎች ወላጆቻቸውን እንዲቀርጹ የቤት ሥራ ሲሰጥም ፈቃዱ በወላጅ ብቻ ሳይሆን ስለ ልጁም ድምፅ መጠየቅ አለበት።

መግለጫና ማስቀመጫ

በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን አነጋገር በአንድ የጽሕፈት ቋንቋ ለማዋሐድ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የተዘጋጁት የመማሪያ መጻሕፍት በወላይታ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሟቸው ከሥራ ውጪ መሆናቸው ይታወሳል። የጉዳዩ መንሥኤ ብዙ ነው፤ ለእኛ ርእስ የሚጠቅመው ግን አንድ ቃል የየት አካባቢ እንደሆነ ሕዝቡ አጥብቆ የሚያውቅና የሚጠይቅ መሆኑ ነው። የጋሞ ሕዝብ በበርካታ ደሬዎች የተከፈለ ነው፤ በአንዱ ደሬ የተቀረጸ ቃል ለሌላው እንግዳ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም በእያንዳንዱ ቀረጻ መጀመሪያ ላይ ቀራጩ በራሱ ድምፅ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ደሬውን፣ የተናጋሪውን ስምና ዕድሜ፣ የተወለደበትንና ያደገበትን መንደር ይናገር። ወረቀት ይጠፋል፤ በፋይሉ ውስጥ ያለ ድምፅ ግን ከፋይሉ አይለይም። ተናጋሪው ስሙ እንዳይነገር ከፈለገ በቁጥር ይተካ።

የቀን አቈጣጠር ጉዳይ ለኢትዮጵያዊ ቀራጭ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። መሣሪያዎቹ የሚያውቁት የአውሮፓውያኑን አቈጣጠር ብቻ ነው። ለምሳሌ በመስከረም 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጧቱ በ3 ሰዓት የተቀረጸ የዮ መስቀላ ዘፈን በመሣሪያው ላይ በ2025 ዓመት፣ በ9ኛው ወር፣ በ27ኛው ቀን፣ በ9 ሰዓት ተብሎ ይመዘገባል። በዓሉ ሌሊቱን የሚዘፈንበት ከሆነ ደግሞ መሣሪያው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቀኑን ይለውጣል፤ የአንድ ሌሊት ዘፈን በሁለት ቀን ይከፈላል ማለት ነው። የመሣሪያውን ሰዓት በአገራችን አቈጣጠር ለማስተካከል መሞከር የበለጠ ውዥንብር ያመጣል። የፋይሉ ስም በአውሮፓውያኑ ዓመት፣ ወርና ቀን በዚህ ቅደም ተከተል ይጀምር፤ ኮምፒዩተሩ በራሱ በተራ ያሰልፈዋልና። የኢትዮጵያው ቀን ደግሞ በድምፅና በመዝገቡ ላይ ይጻፍ።

መዝገቡ ተራ ደብተር ሊሆን ይችላል። የፋይሉ ስም፣ ርዝመቱ፣ ይዘቱ በሁለት መስመር፣ የፈቃዱ ዓይነት ከተጻፈበት ይበቃል። ጊዜ ያለው መምህር ኢላን በተባለው በኔዘርላንድስ በማክስ ፕላንክ ተቋም በተዘጋጀው ነጻ ፕሮግራም ንግግሩን ከድምፁ ጋር እያቈራኘ ሊጽፍ ይችላል። አንድ ሰዓት ንግግር በዚህ መንገድ ለመጻፍ ብዙ ሰዓታት እንደሚፈጅ ግን ሊታወቅ ይገባል፤ በመሆኑም ከዐሥር ሰዓት ያልተጻፈ ቀረጻ አንድ ሰዓት በሚገባ የተጻፈ ቀረጻ ለመጽሐፍ አዘጋጁ ይበልጣል።

በመጨረሻም ካርዱ ማስቀመጫ አይደለም። በቀረጻው ዕለት ማታ ፋይሉ ወደ ኮምፒዩተርና ወደ ሃርድ ዲስክ ይገልበጥ፤ ሁለቱም ተከፍተው ከመሰማታቸው በፊት ካርዱ አይጥፋ። ሦስተኛው ግልባጭ ከትምህርት ቤቱ ውጪ ይቀመጥ፤ ለዚህ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ወይም በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ ፈቃደኛ ክፍል ሊያገለግል ይችላል። አንድ ግልባጭም ለተናጋሪው ቤተሰብ በኤም ፒ ስሪ በስልካቸው ወይም በፍላሽ ይሰጥ፤ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ስምና መንደር የሚታረመው እነርሱ ሲሰሙት ነው። ሃርድ ዲስክ ሳይነካ ቢቀመጥም ስለሚበላሽ፣ በየዓመቱ ሐምሌ ወር ትምህርት ቤት ሲዘጋና የንብረት ቈጠራ ሲደረግ ዕቃውን መቁጠር ብቻ ሳይሆን ከየዓመቱ ቀረጻ አንዳንድ ፋይል ተከፍቶ እስከ መጨረሻው ይደመጥ፤ የደማጩም ስምና ቀኑ በመዝገቡ ላይ ይጻፍ።